አያቴ የተዉት ሰዓት ኦሪጅናል ነው ወይ?



ባለፈው ሴሚስተር እጄ ላይ ታንክ የተሳለበት አሮጌ ሰዓት አይታችሁ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። አንዳንዱ «ስንት ገዛኸው?» ብሏል፤ አንዳንዱ «ወታደር ልትሆን ነው እንዴ?» ብሎ ቀልዷል። ሰዓቱ የእኔ አልነበረም፤ አሁንም የእኔ አይደለም። ለሁለት ወር ያህል ይዤው የዞርኩት ቤተሰቤ «ኦሪጅናል መሆኑን አጣራ» ብለው ስለሰጡኝ ነው። ያጣራሁትን እዚህ እጽፋለሁ። ለምን እንደምጽፈው ግን ወደ መጨረሻው ይገባችኋል።

አያቴ ጉንችሬ ነው የሞቱት፤ አላህ ይዘንላቸው። እኛ አባባ ነው የምንላቸው። የተዉት ትልቅ ሀብት አይደለም፦ ቤቱ፣ የእንሰቱ ጓሮ፣ ትንሽ የቡና ቦታ፣ ሁለት ላም፣ እና ይህ ሰዓት። እንደምታውቁት የእኛ ሰው ከአዲስ አበባም ሆነ ከየትም ተጠራርቶ አገር ቤት የሚገባው ለአረፋ ነው። ስለዚህ የውርሱ ጉዳይም አረፋ ላይ ተነሳ። እማማ (ባለቤታቸው)፣ ሁለት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆች አሉ። ፈራኢድ የተማራችሁ ሒሳቡን በአንድ እይታ ታገኙታላችሁ፤ በጣም የሚያምር ነው። ሟቹ ልጅ ስላላቸው ሚስት አንድ ስምንተኛ ትወስዳለች፤ የቀረው ሰባት ስምንተኛ ለወንዱ ሁለት፣ ለሴቷ አንድ ሲደለደል ልክ ሰባት ድርሻ ይሆናል። ጠቅላላው ስምንት ቦታ ተከፍሎ ያልቃል፤ ትርፍ የለ፣ ጉድለት የለ። አባቴ በሕይወት ስላለ እኔ ወራሽ አይደለሁም፤ ድርሻም አልጠበቅኩም።

ክፍፍሉን ሊያግዙ የመጡት ኢማም ዕዳ ካለ መጀመሪያ እንዲነገር ጠየቁ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ ይውጣለት አሉ። ላሞቹን ገበያ ያውቃቸዋል። ሰዓቱ ላይ ሲደርሱ ነገሩ ቆመ። መርካቶ የሚነግደው አጎቴ «ይህ እኮ የካራማራ ሰዓት ነው፤ የሩሲያ አሠልጣኝ ለአባባ በጀግንነት የሸለመው ነው። አሮጌ ወታደራዊ ዕቃ የሚሰበስብ ሰው አውቃለሁ። ኦሪጅናል ከሆነ የወይፈን ዋጋ ያወጣል፤ ካልሆነ የበግም አያወጣም» አለ። አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ኢንጂነሪንግ ነህ፤ ውሰድና አጣራ።»

ኢንጂነሪንግ ተማሪ ሁሉን ነገር ያውቃል ተብሎ ይታመናል። ቲቪ ሲበላሽም እኔው ነኝ።

ሰዓቱ ቮስቶክ ነው፤ ዓይነቱ ደግሞ «ኮማንዲርስኪ» ይባላል፤ የአዛዥ ሰዓት እንደማለት ነው። ቮስቶክ በሩሲያኛ ምሥራቅ ነው። ፋብሪካው ያለው ቺስቶፖል በምትባል፣ በካማ ወንዝ ዳር ባለች ከተማ ነው። ታሪኩን ሳነብ አንድ ነገር ደስ አለኝ፦ ቺስቶፖል የምትገኘው በታታርስታን ነው፤ ሙስሊም ታታሮች በሚኖሩበት አገር። በ1941 እ.ኤ.አ. የጀርመን ጦር ወደ ሞስኮ ሲቃረብ ከሞስኮ የሰዓት ፋብሪካዎች የአንዱ ማሽኖች ተነቅለው ወደዚያች ከተማ ተወሰዱ፤ በጦርነቱ ዘመን ለሠራዊቱ የሚሆን ዕቃ ተመረተባት። ኮማንዲርስኪ የተባለው ሰዓት የመጣው ከዚያ በኋላ በ1965 ነው። በሶቭየት ዘመን በወታደር ሱቆች ይሸጥ ነበር፤ በስጦታና በሽልማትም ይሰጥ ነበር። ስለዚህ «ሩሲያዊ ሰጠኝ» የሚለው ወሬ ከመሬት ተነስቶ የሚጣል አይደለም። በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ የሶቭየት አማካሪዎች እዚህ ነበሩ፤ ጄኔራል ፔትሮቭን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። አባባም በ1969 ሚሊሺያ ሆነው ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥነው ኦጋዴን ዘምተዋል። ይህንን ማንም አይክድም፤ የእግራቸው ጠባሳ ምስክር ነበር።

እንግዲህ ኦሪጅናልነት እንዴት ይታያል? በእጄ ከሞከርኩት እና ከአንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ከተማርኩት ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ጽሑፉ ነው። የሰዓቱ ፊት ላይ፣ ከስድስት ቁጥር በላይ፣ በሩሲያ ፊደል «ዛካዝ ኤም ኦ ኤስ ኤስ ኤስ ኤር» ይላል። በሶቭየት ኅብረት መከላከያ ሚኒስቴር ትእዛዝ የተሠራ ማለት ነው። ሰብሳቢዎች የሚወዱት ይህንን መስመር ነው፤ ስለሚወዱትም ዛሬ አዲስ ፊት እያተሙ የሚለጥፉ አሉ። በታች ጠርዙ ላይ ደግሞ በደቃቅ ፊደል «በሶቭየት ኅብረት የተሠራ» የሚል አለ። ሶቭየት ኅብረት በ1991 መጨረሻ ፈርሷል፤ ከዚያ በኋላ የተሠራው «በሩሲያ የተሠራ» ነው የሚለው። የእኛ ሰዓት የመጀመሪያውን ይላል። ቀለሙ አርጅቶ እንደ ሻይ ወይቧል፤ ወየባው እኩል አይደለም፤ ውኃ የገባበት በኩል ጠቆር ብሏል። ሰዓት ሠሪው ይህን አይተው «ሐሰተኛ እንዲህ ተቸግሮ አያረጅም» አሉኝ።

ሁለተኛው በጨለማ የሚያበራው ቀለም ነው። ይህን ዶርም ውስጥ ራሳችሁ መሞከር ትችላላችሁ። የስልክ መብራት አስጠግታችሁ ካበራችሁ በኋላ መብራት ስታጠፉ አሮጌ ሰዓት ፈጽሞ አያበራም፣ ወይም ትንሽ ብልጭ ብሎ ይሞታል። ለረጅም ሰዓት ደምቆ ካበራ ቀለሙ በቅርብ የተቀባ ነው። የእኛ ሰዓት ነጥቦች ሞተዋል፤ የደቂቃ ቆጣሪው ግን እንደ ድመት ዓይን አበራ። ቆጣሪው ተቀይሯል ማለት ነው።

ሦስተኛው የመሙያው ቁልፍ ነው። ይህ ሳቅ አስነስቶብኛል። የሰዓቱ ቁልፍ በጥርስ ተጠምዝዞ ሲፈታ ይወዛወዛል፤ እንደሚወልቅ ጥርስ ይንቀጠቀጣል። አጎቴ «ተበላሽቷል» ብሎ ሊያስጠብቀው ነበር። ኮማንዲርስኪ ግን አሠራሩ እንዲያ ነው፤ ቁልፉ ከውስጡ ዘንግ ጋር ልል ሆኖ ነው የሚገናኘው። ባይወዛወዝ ነበር መጠርጠር።

ቤቱ ነሐስ ነው፤ ላዩ ክሮም ተቀብቷል። አራቱ ጫፎች ላይ ክሮሙ ተበልቶ ቢጫው ወጥቷል፤ ከሸሚዝ እጅጌ ጋር ሲፋቅ የኖረበት ቦታ ነው። መስታወቱ ፕላስቲክ ነው፤ በጥርስ ሳሙና ሲታሽ ጭረቱ ይጠፋል። ማሰሪያው የመርካቶ ነው፤ ስለእሱ ማንም አይከራከርም።

ሰዓት ሠሪው ክዳኑን ሲከፍቱልኝ አብሬ አጎነበስኩ። ማሽኑ ላይ አራት አሃዝ ቁጥር ተመትቶበታል። በሶቭየት አቆጣጠር የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች የማሽኑን ስፋት በሚሊሜትር ይናገራሉ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓይነቱን። የእኛው መጨረሻው 14 ነው፤ ቀን የሚያሳይ፣ በእጅ የሚሞላ ማሽን። ይህ ከፊቱ ጋር ይስማማል፤ ፊቱ የቀን መስኮት አለውና። ከተለያየ ሰዓት ተለቃቅሞ የተገጣጠመውን ሰብሳቢዎች «ፍራንከን» ይሉታል፤ የእኛው ያንን ስም የሚያሰጠው አይደለም። «ልጄ፣» አሉኝ ሽማግሌው መነጽራቸውን እያወረዱ፣ «ይሄ ልጅ ሩሲያ ነው። አንድ ቆጣሪና መስታወት ተቀይሮለታል። ሁለት ሦስት ጊዜም ተከፍቷል፤ ክዳኑ ውስጥ የሠሪዎች ምልክት አለ።»

ክዳኑን ገልብጠው አሳዩኝ። ሰዓት ሠሪዎች ሲጠግኑ በሹል ነገር ምልክት የመጫር ልማድ አላቸው። እሱ አለ። ከሱ ራቅ ብሎ ግን ሌላ ጭረት ነበር፤ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ፣ የሠሪ ምልክት የማይመስል። የአባባ ስም መጀመሪያ አይደለም። ያኔ ብዙም አላሰብኩበትም።

እዚህ ላይ ቆሜ ለአጎቴ ደወልኩ። ሰዓቱ ሶቭየት ነው፤ ካራማራ መሆኑን ግን ሰዓቱ አይነግረንም አልኩት። ከ1965 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ሃያ ስድስት ዓመት ነው። በ1970 ዓ.ም. የካቲት ጅጅጋ ነበር ወይስ ከዚያ በኋላ መጣ፣ ብረቱ አያውቅም። «ታዲያ ማን ያውቃል?» አለ። «ወሬውን ከማን ሰማኸው?» አልኩት። «ሁሉም ያውቀዋል!»

ሐዲስ ያጠና ሰው «ሁሉም ያውቀዋል» ሲባል ጆሮው ይቆማል። የሐዲስ ሊቃውንት የቃሉ ማማር አላረካቸውም፤ ማን ከማን ሰማ ብለው ሰው በሰው ሰንሰለቱን ቆጥረዋል። እኔም ሰንሰለት መቁጠር ጀመርኩ። አባቴን ጠየቅኩ፤ ከአጎቴ ሰማ። ትልቋ አክስቴን ጠየቅኩ፤ ከአጎቴ ሰማች። ትንሿም እንዲሁ። አጎቴን ደግሜ ስጨቀጭቀው በልጅነቱ ከአንድ ጎረቤት እንደሰማ አመነ፤ ጎረቤቱ ሞቷል፤ ከማን እንደሰማ አይታወቅም። ከአባባ አፍ የሰማ አንድም ልጅ የለም። ሰነዱ ተቆርጧል ማለት ነው። አባባ ኦጋዴን ዘምተዋል፤ አባባ የሩሲያ ሰዓት አላቸው፤ ሁለቱ እውነቶች አጠገብ ለአጠገብ ሲቀመጡ ሦስተኛውን ወለዱ። ማንም የዋሸ ያለ አይመስለኝም።

ያልተጠየቁ አንድ ሰው ነበሩ። እማማ።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ሰዓቱ ሌላ ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙ ቀን ያደናገረኝ ነው። ሰዓቱን እንደተቀበልኩት አልነካሁትም ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ነው የሚሄደው። የቀኑ ቁጥር ግን የሚዞረው ማታ 12 ሰዓት ላይ ነበር። መጀመሪያ ብልሽት መሰለኝ። ወረቀት ላይ ሳሰላው ገባኝ። ሰዓቱ ቀን የሚለውጠው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገናኙ ነው፤ በሃያ አራት ሰዓት አንድ ጊዜ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከሞላኸው እኩለ ሌሊት ይሆናል። በእኛ አቆጣጠር ከሞላኸው ግን 12 የሚሆነው ወይ ጎህ ሲቀድ ወይ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ የትኛው እንደሚሆን የምትመርጠው አንተ ነህ። አባባ ፀሐይ መጥለቂያውን መርጠዋል። መግሪብ ሲደርስ ቀኑ ይለወጣል፤ በሂጅራ አቆጣጠር ቀን የሚጀምረው ያኔ አይደል? ቁጥሩን ሳመሳክር በእርግጥም የያዘው የሂጅራ ወሩን ነበር፤ የአገራችንንም የፈረንጁንም አይደለም። ሰዓቱ እስከ 31 ስለሚቆጥር ወሩ በ29 ወይም በ30 ባለቀ ቁጥር ወደ 1 መመለስ ያስፈልጋል። ይህ ማሽን ቀንን በአንድ ጠቅታ አያሻግርም፤ ቆጣሪውን ከ12 አሳልፎ ወደ 8 መመለስ፣ እንደገና ማሳለፍ ነው። አክስቴ ስትነግረኝ አባባ ጨረቃ በታየች ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሰዓቱን ወዲያና ወዲህ ሲያዞሩ ልጆቹ ይከቧቸው ነበር። በረመዳንና በአረፋ ብቻ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ። ሰብሳቢ ይህን በዋጋ አይቆጥረውም፤ ሰዓት ሠሪው እንዲያውም «ለዚህ ነዋ ጥርሱ የተበላው» አሉ።

እማማን የጠየቅኳቸው ለእረፍት ጉንችሬ ስወርድ ነው። ቆጮ እየቆረሱ፣ በጉራጊኛ፣ ቀና ሳይሉ ነው የነገሩኝ። በ1983 ግንቦት ደርግ ሲወድቅ ወታደሩ ተበትኖ በየመንገዱ ይጎርፍ ነበር። በወልቂጤ በኩልም በእግሩ የሚያልፍ ብዙ ነበር፤ ጫማ የሌለው፣ የተራበ። አንዱ እኛ ቤት አደረ። ልጅ እግር ነበር። ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን እማማ አልጠየቁም፤ አብልተው አሳደሩት። ጠዋት ለመሣፈሪያ ገንዘብ አልነበረውም። አባባ ከቡናው ገንዘብ 50 ብር ሰጡት። ልጁ በነጻ አልወስድም ብሎ ሰዓቱን አወለቀ። «ገንዘቡን ይዤ ስመጣ ትመልሱልኛላችሁ» አለ።

«ታዲያ መጣ?» አልኳቸው።

«ቢመጣ ኖሮ አንተ እጅ ላይ ምን ይሠራል?»

አባባ ለብዙ ጊዜ በሳጥን አስቀምጠውታል። አንድ ቀን ሲያወጡት ቆሞ አገኙት። ወልቂጤ ሲያስጠግኑት፣ ካልተሞላና ካልሄደ ዘይቱ እንደሚደርቅ ተነገራቸው። ከዚያ ወዲህ ማሰር ጀመሩ። ካራማራ የሚለውን ወሬ እማማ ሰምተውታል፤ «አባትህ ሲሰማ ይስቅ ነበር» አሉኝ። አባትህ የሚሉት አባባን ነው።

እንግዲህ ኦሪጅናል ነው ወይ ብለን ስንከራከርበት የከረምነው ዕቃ የእኛ ሆኖ አልተገኘም። መያዣ ነው፤ ረህን። የንጉሡን ሰዓት ነገር ያነበባችሁ ትኖራላችሁ፦ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ በጄኔቫ ለጨረታ ሲቀርብ በ2015 እ.ኤ.አ. ባለቤትነቱ አከራክሮ ተነሳ፤ በ2017 ዳግመኛ ቀርቦ በ2.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። እዚያ ያከራከረው የማን ነው የሚለው ነበር። ጉንችሬም በትንሹ ያው ደረሰብን።

አጎቴ አልተቀበለም። «ከ30 ዓመት በላይ ሆነው! የሚፈልገው ቢሆን ይመጣ ነበር። ምናልባት ሞቷል» አለ። ኢማሙ ሞቶ ከሆነ ሰዓቱ የወራሾቹ ነው አሉት፤ የጊዜ ርዝመት የሰውን ንብረት የሌላ አያደርግም። የእኛ ሐቅ 50 ብር ብቻ ነው፤ ብድር በቁጥሩ ነውና የሚመለሰው። 50 ብር ለስምንት ሲካፈል ለእማማ 6 ብር ከ25 ሳንቲም ይደርሳቸዋል። አጎቴም ሳይቀር ሳቀ፤ ዛሬ በ50 ብር ካፌያችን ምን እንደሚገዛ ታውቃላችሁ። አባባ ሰዓቱን ማሰራቸው ይፈቀድ ነበር ወይ ብዬም ጠይቄያለሁ፤ ከብድር ጋር ጥቅም ሲገናኝ ከባድ መሆኑን ተምረናልና። ኢማሙ ዕቃው እንዳይጠፋ ያደረጉት መሆኑን ካዳመጡ በኋላ «እሱን ለአላህ ተውለት» አሉኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም።

የተወሰነው ይህ ነው። መጀመሪያ ባለቤቱ በሚቻለው ሁሉ ይፈለጋል። ተፈልጎ ተስፋ ከተቆረጠ ይሸጣል፤ 50 ብሩ ለውርሱ ይገባል፤ የቀረው በባለቤቱ ስም ሰደቃ ይሰጣል፤ ከዚያም በኋላ ቢመጣ ዋጋውን ልንከፍለው ቤተሰቡ ተስማምቷል። ሲሸጥም «የካራማራ» ተብሎ አይሸጥም። ገበያ ላይ ከተከመረው እህል ሥር እርጥቡን በእጃቸው ያገኙትን ነቢይ ﷺ ሐዲስ አጎቴ ራሱ ነው ያስታወሰው፤ ነጋዴ ነውና ሐዲሱን ያውቀዋል። የደቂቃ ቆጣሪው የተቀየረ መሆኑም ይነገራል።

ሰዓቱ አሁን ጉንችሬ እማማ ጋ ነው። ጠዋት ጠዋት የሚሞሉት እሳቸው ናቸው። መግሪብ ላይ ቀን መለወጡን ግን አላቆመም።

ለጉንችሬና ለወልቂጤ መስጂዶች ነግረናል፤ በአካባቢው ያለች ቤተ ክርስቲያንም በሽማግሌዎች በኩል እንድታስነግርልን ጠይቀናል። እኔ ደግሞ በዚህ ጋዜጣ እጠይቃለሁ፤ ከየክልሉ የመጣችሁ ናችሁና። በ1983 ግንቦት ወይም ሰኔ ከሠራዊቱ ተበትኖ በጉራጌ አገር በኩል በእግሩ ወደ ቤቱ የገባ አባት፣ አጎት ወይም ጎረቤት ያላችሁ ጠይቁልኝ። ጉንችሬ አጠገብ አንድ ቤት አድሮ፣ 50 ብር ወስዶ ሰዓት የተወ ከሆነ ክዳኑ ውስጥ የጫረውን ፊደል ይንገረኝ። ፊደሎቹን እዚህ የማልጽፈው ለዚህ ነው፤ የወደቀ ዕቃ ያገኘ ሰው ምልክቱን ይዞ ባለቤት ነኝ ባዩን እንዲጠይቅ ተምረናል። ቁጥራቸውንም አልናገርም። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መስጂዱ በር ላይ ታገኙኛላችሁ።